ካቻቢቴ ያልነካው ዴክ

ሷሊሕ ጎንደር ፒያሳ ላይ የጥገና ሱቅ የከፈተው በ1987 ዓ.ም. ነው። አባቱ ጨርቅ ነጋዴ ነበሩ፤ አያቱም እንደዚሁ። ታላቅ ወንድሙ ጃቢር አዲስ ዓለም ያለውን የአባታቸውን ሱቅ ሲረከብ፣ ሷሊሕ ከአንድ ፎቶ ቤት ጎን ሁለት ሰው ጎን ለጎን የማያስቆም ጠባብ ክፍል ተከራየ። ዘመዶቹ አዘኑበት። "የሰው አሮጌ ሬዲዮ ሊፈታታ!" አሉ። ሁለት ዓመት ሳይሞላ ግን እነዚያው ዘመዶቹ የቪዲዮ ዴካቸውን በጋቢ ጠቅልለው በሩ ላይ ተሰለፉ።

በዚያን ጊዜ ካሜራ ያልገባበት ሠርግ ሠርግ አይባልም ነበር፤ ካሴቱን ለማየት ደግሞ ዴክ ያስፈልጋል። ሷሊሕ የመጣለትን ዴክ ይሰካና ዓይኑን ጨፍኖ ጆሮውን ያስጠጋል። "ቀበቶው ላልቷል" ይላል። ሲከፈት ቀበቶው ላልቶ ይገኛል። ከደባርቅም ከዛሪማም ዴክ በአውቶቡስ ይላክለት ነበር፤ ሾፌሮቹ "የሷሊሕ ነው" ከተባሉ ሌላ አድራሻ አይጠይቁም። ካሴቱ ቀርቶ ሲዲ፣ ሲዲው ቀርቶ ዲቪዲ ሲመጣም አልደነገጠም። ሌንሱን በጥጥ ይጠርጋል፣ የተቃጠለውን ይነቅላል፣ አዲሱን ይበይዳል። ካቻቢቴው ከእጁ አይለይም፤ ምሳ ሲበላ እንኳ ደረት ኪሱ ውስጥ ይታይ ነበር።

በ1999 ዓ.ም. መጨረሻ ላይ ግን በካቻቢቴ የማይደረስበት ብልሽት መጣ። ስምንትና አሥር ፊልም የታጨቀባቸው ዲስኮች ገበያው ላይ መሸጥ ጀመሩ። ሰው ደስ ብሎት ገዝቶ ቤቱ ሲገባ፣ ትናንት ደህና የነበረው ዴክ ዲስኩን ያዞር ያዞርና "አላውቀውም" የሚል የእንግሊዝኛ ጽሑፍ አውጥቶ ይቆማል። አንዳንዱ ምስሉን ያሳያል፣ ድምፅ የለውም። ሌላው ድምፁን ያሰማል፣ ምስሉ የለም። ሷሊሕ ይከፍተዋል። ሌንሱ ደህና ነው፣ ሞተሩ ደህና ነው፣ የተቃጠለ ነገር የለም። መልሶ ይገጥመውና "ዴክህ ምንም አልሆነ፤ ዲስኩ ነው የማይረባ" ብሎ ያሰናብታል።

የተሰናበቱት ሰዎች መንገዱን ተሻግረው ወንጌላዊት ጋ ይገቡ ጀመር።

ወንጌላዊት የመሪጌታ ወልደ ገብርኤል ልጅ ናት። አባቷ የዜማ መምህር ናቸው፤ ወንድሞቿ ሁሉ በቤተ ክህነት ትምህርት ያደጉ ናቸው። እሷ ግን ባሕር ዳር ሄዳ ኮምፒውተር ተማረችና ከሷሊሕ ሱቅ ፊት ለፊት፣ ድሮ ልብስ ሰፊ በነበረበት ቤት፣ አንድ ኮምፒውተርና አንድ ቴሌቪዥን አስቀምጣ ሥራ ጀመረች። ሃያ ስድስት ዓመት ቢሆናት ነው። ሷሊሕ መጀመሪያ ላይ ሳቀባት። መበየጃ የላት፣ ጥጥ የላት፣ ምን ልትጠግን ነው?

አንድ ቀን የቆየ ደንበኛው መምህር ባዬ ዴኩን ታቅፎ እዚያ ሲገባ አየው። ሻይ ተጠጥቶ ሳያልቅ ባዬ እየሳቀ ወጣ። ሷሊሕ ሳያስበው ጠራው።

"ባዬ! ምን አደረገችልህ?"

"አንድ ዲስክ ከተተችበትና ሶፍትዌሩን አደስኩት አለችኝ። አሁን ሁሉንም ያነባል።"

"ከፈተችው?"

"ምኑን?"

"ዴኩን ነዋ! ክዳኑን!"

"ኧረ እሷ አልነካችውም። ቁጭ ብላ ጠበቀች፤ በቃ አለቀ።"

ሷሊሕን ያቃጠለው ይህ ነው። ደንበኛ መቀማት በገበያ ያለ ነገር ነው፤ አንዱ ይከፍታል፣ አንዱ ይዘጋል። ብሎን ሳትፈታ፣ እጇ ዘይት ሳይነካው፣ እሱ አሥራ ሦስት ዓመት አጎንብሶ የተማረውን ነገር እንደሌለ ቆጥራ ማለፏን ግን አንጀቱ አልችል አለ። ከዚያ ቀን ጀምሮ የሥራ ጠረጴዛውን ወደ በሩ አዞረ። የሚገባውን የሚወጣውን ያያል። ዴኮቹን ያውቃቸዋል፤ ያ ጥግ በኩል የተሰነጠቀው የሱቅ ጎረቤቱ ነው፣ ያ ባለ ዳንቴል ልብሱ የአንዲት ነርስ ነው። ሁሉም አንድ ጊዜ እጁ ላይ ያለፉ ናቸው።

አንድ ሰሞን ጥሩ ወሬ መጣለት። ወንጌላዊት ያደሰቻቸው ሁለት ዴኮች ቋንቋቸው ወደ ቻይንኛ ተለወጠ፤ አንዱ ደግሞ ሪሞቱን አልሰማ አለ። ባለቤቶቹ ሷሊሕ ጋ መጥተው ሲያማርሩ ፊቱ በራ። "እኔ ምን አልኩ? የምትጭነው ነገር የዴኩን ዕድሜ ያሳጥራል" አላቸው። ይህን ያለው የሚያውቀው ነገር ኖሮት አይደለም። በማግስቱ ወንጌላዊት ሦስቱንም አስተካከለች። ሰዎቹም ሷሊሕ የነገራቸውን ለእሷ ነገሯት፤ እሷ ግን ወደ ሥራዋ ተመለሰች። ይህ ደግሞ ሷሊሕን ይበልጥ አናደደው።

ሚስቱ ፈህሚያ ምሳ ይዛለት ስትመጣ ወደ ማዶ ሲያይ አገኘችው።

"ምነው ዓይንህ እዚያ ተተከለ? ልጅቷ ቆንጆ ናት መሰለኝ።"

"ቁንጅናዋ ቢሆን ይሻለኝ ነበር።"

"እንግዲያ ምንህን ወሰደችብህ?"

ሷሊሕ ሣህኑን ተቀብሎ ጀርባውን ለበሩ ሰጥቶ በላ፤ ግን ማዶ ያለው በር በተከፈተ ቁጥር ማኘኩን ያቆማል።

በ2000 ዓ.ም. ኅዳር ላይ እናኑ ከኮሶዬ ወረደች። እናኑ እዚያ በደባርቅ መንገድ ዳር ምግብ ቤት አላት። ባሏ ከሞተ ወዲህ ቤቱን ብቻዋን ነው የምታስተዳድረው፤ የዛሪማና የደባርቅ መኪና ሾፌሮች ብርዱን ሸሽተው እሷ ጋ ይቆማሉ፤ እስኪበሉ ፊልም ታሳያቸዋለች። ከጥቂት ወራት ወዲህ ሾፌሮቹ ራሳቸው አዳዲሶቹን ዲስኮች ይዘው እየመጡ የእሷ ዴክ አላነብ ብሎ አስቸገራት። ከእሷ ሁለት ቤት ከፍ ብሎ ያለው ምግብ ቤት ዴክ ግን ያነብ ጀመር።

የመጣችው ዓርብ ነበር። ሷሊሕ ለጁምዓ ሶላት ሄዶ ሱቁ ተዘግቷል። እናኑ ጥቂት ጠብቃ ሲሰለቻት ማዶ ገባች። ወንጌላዊት ዴኩን ገልብጣ ከጀርባው ያለውን ቁጥር በወረቀት ጻፈች።

"እትዬ፣ ለዚህ የሚሆነውን ፋይል መፈለግ አለብኝ። ይተዉልኝና ሰኞ ይምጡ።"

በዚህ መሀል ሷሊሕ ከመስጊድ ተመልሶ ሱቁን ሲከፍት እናኑ አየችው። "የእኔ ሰው መጣልኝ!" አለችና ዴኳን አንስታ ተሻገረች። ሷሊሕ ከወንጌላዊት ቤት ወጥታ ወደ እሱ ስትመጣ ሲያይ ዓለም የእሱ ሆነች። እንዲህ ያለ ነገር ካየ ወራት አልፎታል።

"አያ ሷሊሕ፣ እነዚህን አዲሶቹን እንዲያነብልኝ ታደርገዋለህ?"

"ምን ችግር አለው! ማክሰኞ ነይና ውሰጂ።"

አንድም ቀን ሠርቶት አያውቅም። ቅዳሜና ሰኞ ኢንተርኔት ቤት ተቀመጠ። ገጹ እስኪከፈት ሰው ጸጉሩን ተላጭቶ ይመለሳል። በስተመጨረሻ ዴኩ ፊት ላይ የተጻፈውን ስም የያዙ ሁለት ፋይሎች አገኘ። ልዩነታቸው መጨረሻ ላይ ያለች አንዲት ፊደል ናት። ከሁለቱ የትኛው እንደሆነ የሚነግረው ሰው ከሱቁ ሃያ እርምጃ ላይ ተቀምጦ ነበር፤ ሷሊሕ ግን ከመጠየቅ ምላሱን መቁረጥ ይመርጣል። አዲስ የሚመስለውን አውርዶ ባዶ ዲስክ ላይ አስጫነ። በሰማያዊ እስክሪብቶም "የእናኑ፣ ኮሶዬ" ብሎ ጻፈበት።

ማክሰኞ ጠዋት ዴኩን ከቴሌቪዥኑ ጋር አገናኝቶ ዲስኩን ከተተ። ቴሌቪዥኑ ላይ አንዲት አረንጓዴ መስመር ብቅ አለች። ቀስ እያለች ስትረዝም ልቡ አብሯት ይሄድ ነበር። "ይቺው ናት ታዲያ? በዚች ነው የምትመጻደቀው?" አለ ለራሱ። መስመሯ ግማሽ ላይ ስትደርስ ቆመች። ጠበቀ። ከዚያ ምስሉ ጠፋና ጨለመ። ዴኩ ላይ አንዲት ቀይ መብራት ብቻ ቀረች። ቁልፎቹን ሁሉ ተጫነ። መሳቢያው አልከፈት አለ። ነቅሎ ሰካው፤ ያችው ቀይ መብራት ናት። ሷሊሕ ያየው የዴክ ሞት ሁሉ ሽታ ወይ ድምፅ ነበረው። ይኼኛው ዝም ብሎ ሞተ።

ካቻቢቴውን ሲያነሣ እናኑ በሩ ላይ ቆመች። በጠዋት የሚወርድ መኪና አግኝታ ቀድማ ደርሳለች።

"አለቀልህ?"

ጨለማውን ቴሌቪዥን አየች። የሷሊሕንም ፊት አየች።

"ምነው? ምን ሆነ?"

ሷሊሕ ሊል ያሰበው ሌላ ነበር፤ ጥቂት ቀን ስጪኝ ሊል ነበር። ዓይኑ ግን ልማዱ ሆኖ ወደ ማዶ ሄደ። ወንጌላዊት በሯ ላይ ቆማ ከአንድ ደንበኛ ጋር ትስቃለች።

"ዓርብ ዕለት ያቺ ልጅ ነክታዋለች አይደል?" አላት።

"ገልብጣ አየችው።"

"እንግዲያ እሷን ጠይቂያት። እኔ ጋ ሲደርስ ያለቀለት ነው።"

እናኑ ዴኩን ከነሽቦው ነቅላ ታቀፈችና ወጣች። በወንጌላዊት በር ላይ የጮኸችው ጩኸት እስከ ባንኩ ድረስ ተሰማ። "እንጀራ የምበላበትን ዕቃ ገደልሽብኝ! የመሪጌታ ልጅ ሆነሽ! ቁጥር ልጻፍ ብለሽ ምኑን ነው የነካካሽው?" ሰው ተሰበሰበ። ባጃጆች ቆሙ። ወንጌላዊት "እትዬ፣ እኔ አልሰካሁትም" ከማለት በቀር ቃል አጣች፤ እንባዋ መጣ። ከቤቷ ሁለት ደንበኞች ዴካቸውን ይዘው ሹልክ ብለው ወጡ።

ሷሊሕ በሩ ላይ ቆሞ ያያል። እውነቱን ለመናገር አንጀቱ ቅቤ ጠጣ። ወራት ሙሉ ያቃጠለው ነገር በአንድ ጊዜ ቀዘቀዘ። "እንዲህ ነው!" አለ በሆዱ። ወንጌላዊት እንባዋን ጠርጋ "ይተዉልኝና ልየው" ስትል፣ እናኑም ዴኩን ጠረጴዛዋ ላይ ጥላ ስትሄድ፣ ያን ጊዜ ነው ዲስኩ ትዝ ያለው። የዴኩ መሳቢያ ውስጥ ነው። በእሱ እጅ ጽሑፍ።

ያን ቀን ሁለት ሰው ዴክ አመጣለት፤ ሁለቱም ከማዶ የሸሹ ናቸው። ሁለቱንም ግን ሳይከፍታቸው ዋለ።

ወንጌላዊት በማግስቱ ሱቁ ሰው ሳይኖርበት መጣች። ዴኩን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች፤ ከላዩ ላይ መሳቢያውን በቀጭን ሽቦ ከፍታ ያወጣችውን ዲስክ አኖረች። ሰማያዊው ጽሑፍ ወደ ላይ ነው።

"ጋሼ ሷሊሕ፣ ይህ የማን እጅ ነው?"

ሷሊሕ ዲስኩን ገለበጠው።

"ትናንት ማታ አባቴ ስለ እኔ ተጠይቀው አፍረው ገቡ። ለሰው ሁሉ ላሳየው አስቤ ነበር። ከበሬ እስከዚህ ድረስ ስመጣ ሐሳቤን ሦስት ጊዜ ቀየርኩ።"

"ታዲያ ለምን አላሳየሽም?"

"ዴኩን ማዳን ስለፈለግሁ። ለብቻዬ አልችለውም።"

ከዚያም ነገረችው። የተሳሳተው ፋይል የገባበት ትንሽ ቺፕ ተነቅሎ መውጣት አለበት፤ እሷ በማሽኗ ትክክለኛውን ትጽፍበታለች፤ ከዚያ ተመልሶ ይበየዳል። ቺፑ ስምንት እግር አለው፤ እግሮቹ ከጤፍ አይበልጡም።

"ባለፈው ዓመት የራሴን ዴክ ሞክሬ ቦርዱን አቃጠልኩት" አለች። "እጄ ይንቀጠቀጣል። ዴክ የማልከፍተው ለዚያ ነው። እርስዎ ሲበይዱ ከማዶ ሆኜ አያለሁ፤ ያ እጅ ቢኖረኝ እላለሁ።"

ሷሊሕ ቀና ብሎ አያት። ስንት ወር ሙሉ የንቀት ምልክት ነው ብሎ የተቃጠለበት ነገር የእጅ መንቀጥቀጥ ነበር። መበየጃውን ሰካ። ቺፑን ሲነቅል አንድም እግር አልተጣመመም። ወንጌላዊት በብጣሽ ወረቀት ይዛው ተሻገረች፤ ከግማሽ ሰዓት በኋላ መለሰችው። በየደው። ሰኩት። ቴሌቪዥኑ በራ፤ ባለ ስምንት ፊልሙን ዲስክ ሲከቱበት ስምንቱም ስም ተደርድሮ ወጣ።

ሁለቱም ሳቁ። የሷሊሕ ሳቅ ግን ቶሎ ጠፋ። ትክክለኛውን ፋይል ያገኘችው እሷ መሆኗ ከደስታው መሀል ቆንጠጥ አደረገው። እንዲህ ባለ ሰዓት እንኳ ይቀናል፤ ራሱን ታዘበ።

"አንድ ነገር ብቻ" አለች ወንጌላዊት ስትወጣ። "ለእትዬ እናኑ እርስዎ ይንገሩልኝ።"

ሐሙስ ዕለት ዴኩን ታቅፎ በሚኒባስ ወጣ። ኮሶዬ ሲደርስ ጉሙ መንገዱን ሸፍኖታል፤ ጣቶቹ ደንዝዘው ዴኩን ሊጥለው ነበር። የእናኑ ቤት በሾፌር ሞልቷል። ዴኩ ሲሰካ፣ ፊልሙም ሲጀምር ቤቱ በጩኸት ተናወጠ። እናኑ እጇን ወደ ሰማይ ዘረጋች።

"አውቄ ነበር! ያቺ ልጅ የገደለችውን አንተ ታነሣዋለህ ብዬ ነበር! ሸጋ ሰው!"

ያኔ ዝም ቢል ነገሩ እዚያው ያበቃ ነበር። ሾፌሮቹም ስሙን በየመንገዱ ይናገሩለት ነበር። ሻዩ ፊቱ ተቀምጦ፣ ዳቦው ተቆርሶለት፣ ብርጭቆውን አንሥቶ መልሶ አስቀመጠ።

"እናኑ" አለ፣ "እሷ አልገደለችውም። እኔ ነኝ የገደልኩት። ያዳነችውም እሷ ናት፤ እኔ መበየዱን ብቻ ነው የሠራሁት።"

እናኑ አልጮኸችም። አጠገቡ ካለው አግዳሚ ላይ ተቀመጠች።

"የባሌን ፍትሐት የጸለዩት መሪጌታ ወልደ ገብርኤል ናቸው" አለች ቀስ ብላ። "በዚያ ዝናብ እስከዚህ ድረስ መጥተው። እኔ ልጃቸውን በገበያ መሀል አዋረድኩ። ምነው አያ ሷሊሕ? ምን አድርጋህ ነው?"

"ምንም። ቀናሁባት።"

እናኑ ሌላ አልጠየቀችም። ሻዩን ግን አላነሣችበትም፤ እሱ ነው ሳይጠጣው የተነሣው።

ቅዳሜ፣ ፒያሳ ሰው በሚበዛበት ሰዓት፣ እናኑ ወረደች። በወንጌላዊት በር ላይ ቆማ የባለፈውን ያህል ጮክ ብላ "ልጄ፣ የተናገርኩሽ ሁሉ ሐሰት ነው፤ ይቅር በይኝ" አለች። እግሯ ላይ ልትወድቅ ስትል ወንጌላዊት ያዘቻት። ቆሞ ያይ ከነበረው ሰው አንዱ "ታዲያ ዴኩን ማን ገደለው?" አለ። እናኑ የወንጌላዊትን እጅ ይዛ ቆመች። ወደ ሷሊሕ ሱቅም አላየችም።

"እኔ ነኝ!" አለ ሷሊሕ ከማዶ። ድምፁ የራሱ አልመሰለውም። "እኔ ነኝ፤ እሷ የለችበትም።"

ከዚያ በኋላ እናኑ አንድም ቀን እሱ ሱቅ አልገባችም። ሌሎችም የቀሩ ነበሩ። ወንጌላዊት ግን መበየድ የሚፈልግ ሥራ ሲመጣላት ትልክለታለች። አንድ ከሰዓት በኋላ ሷሊሕ አንዱን ሊመልስ ሲሻገር፣ እንደ ምንም ብሎ "ፋይሉን እንዴት ነው የምትለዪው?" አላት። ዴኩን ገልብጣ ከጀርባ ያለውን ቁጥር አሳየችው። "ፊቱ ላይ ያለው ስም ለገዢ ነው፤ ይኼኛው ነው የእኛ" አለችው። "የእኛ" ያለችው ቃል ቀኑን ሙሉ ጆሮው ላይ ቆየ። እየደጋገመ ተማረ፤ ቀስ ብሎ ነው የገባው፤ እሷም አልቸኮለችበትም።

ቅናቱ ለቀቀው የሚል ካለ ግን ሷሊሕን አያውቀውም። እናኑ አዲስ ዴክ ገዝታ በሩ ላይ አልፋ ወደ ወንጌላዊት ስትገባ ፊቱን አዙሮ የማያስፈልገውን ብሎን ያጠብቃል። ፈህሚያ ታየዋለች፤ ትስቃለች።

በ2003 ዓ.ም. ወንጌላዊት ወልዳ ሁለት ወር ቤቷ ተቀመጠች። ደንበኞቿ ሁሉ ወደ ሷሊሕ መጡ። መጀመሪያ የመጣችው ዐዚዛ የምትባል የአዲስ ዓለም ሴት ናት። ሷሊሕ ዴኳን ገለበጠ፣ ቁጥሩን ጻፈ፣ ትክክለኛውን ፋይል ፈልጎ አገኘ፣ ጫነ። አንድም ነገር አልተበላሸም። ዐዚዛ ፊልሙ ሲጀምር አየችና ዴኳን እየጠቀለለች፣

"ያቺ ልጅ እኮ በአምስት ደቂቃ ነበር የምትጨርሰው" አለችው።

ሷሊሕ ጥርሱን ነከሰ። ከዚያ ዴኩን እስከ ባጃጁ ድረስ ተሸክሞ ሸኛት።